የሐምሌው ውጤት

ዶክተር ኦልትማንስ አሥሩን ቃላት ቀስ ብላ አነበበችና እስክሪብቶዋን አነሳች። «በል፣ የያዝከውን» አለች።

ሄኒንግ ብሮክማን ስድስቱን ተናገረ። ዘንቢል፣ ጉም፣ ድልድይ፣ ቅቤ፣ መስተዋት፣ አጥር። ከዚያ ዝም አለ። ስድስት ላይ ዝም ማለት ልማዱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ይህን ፈተና ሲፈተን አሥሩም ቃላት አፉ ውስጥ ተሰልፈው እያሉ አራቱን ውጦ፣ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ፣ «ሌላ የለም» ይል ነበር። ዛሬ ግን ላለመዋጥ ወስኖ ነው የመጣው። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር ልክ አልነበረምና የራሱን ጭንቅላት በእውነተኛው ሚዛን ሊያየው ፈልጎ ነበር። አራቱን ሊያወጣቸው ሲፈልጋቸው ግን የሉም። የነበሩበት ቦታ እንኳ የለም።

«ሌላ?» አለች ዶክተሯ።

«ሌላ የለም።»

ይህችን ነገር ከልቡ ሲናገራት የመጀመሪያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ተጫዋቹ ሁሉ በጤናው እያለ ይፈተናል። ቃላት ያስታውሳል፣ ኮምፒውተሩ ላይ መብራት ብልጭ ሲል ቁልፍ ይጫናል፣ ቁጥር ወደ ኋላ ይቆጥራል። ውጤቱ ይቀመጣል። በዓመቱ መሀል ጭንቅላቱን የተመታ እንደሆነ ያንኑ ፈተና ይደግማል፤ ከሐምሌው ካነሰ አይጫወትም፣ እኩል ከሆነ ይጫወታል። ሁለት ሳምንት ያልተጫወተ ተከላካይ ሦስተኛው ሳምንት ላይ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ ያገኛል። ስለዚህ መልበሻ ክፍል ውስጥ ማንም ጽፎ ያልለጠፈው ሕግ አለ፤ በሐምሌ ተኛ፣ በመጋቢት ነቅተህ ትጫወታለህ። በሐምሌ ዝቅ ብሎ የተገኘ ሰው ቢመታም የሚወርድበት ቦታ የለውማ። ሄኒንግ ይህን የተማረው በሃያ አምስት ዓመቱ ከአንድ በረኛ ነው። እሱም በተራው ከእሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ አስተማረ። ስድስት በቂ ነው ይላቸዋል፤ አምስት ካልክ ትጠራጠራለች፣ ስምንት ካልክ በራስህ ላይ መሰከርክ።

ዶክተሯ የሐምሌውን ወረቀት አውጥታ ከዛሬው ጎን አስቀመጠችው። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀድሞ የመርከብ ሐኪም የነበረች ሴት ናት፤ ብዙ አታወራም።

«ሐምሌም ስድስት፣ ዛሬም ስድስት። የእጅህ ፍጥነትም ያው ነው። ራስ ምታት አለ?»

«የለም።»

«ማቅለሽለሽ? ብርሃን ያስቸግርሃል?»

«የለም።» የመስኮቱ ብርሃን ግራ ዓይኑን እንደ መርፌ ይወጋው ነበር።

«ቅዳሜ ከሮትቫልደ ጋር ስትጫወቱ አወዳደቅህን አልወደድኩትም። ያ አጥቂ የራስ ቅሉን ነው የሰጠህ። ግን ወረቀቱ ንጹሕ ነው።» ወረቀቶቹን ሰብስባ ቀና አለች። «ብሮክማን፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?»

«የለም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ነገ ቀለል ያለ ልምምድ፣ ሐሙስ ከቡድኑ ጋር።»

ኮሪደሩ ላይ ኤኖ ሄረን ግድግዳ ተደግፎ ሙዝ ይበላል። ከሄኒንግ ጎን የሚሰለፈው ሌላኛው የመሀል ተከላካይ ነው። አምስት ዓመት አብረው ተጫውተዋል፤ ዘንድሮ አብረው ተዋርደዋል።

«እህ ሽማግሌው፣ አለፍክ?»

«አለፍኩ።»

«ስድስት?»

«ስድስት።»

«አንተ እኮ ባለሙያ ነህ። እኔ ሐምሌ ላይ ተዘናግቼ ሰባት ተናግሬ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ሄኒንግ ወደ ዶክተሯ በር አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኤኖ፣ ዛሬ አልተኛሁም።»

«ምን ማለት ነው?»

«የማውቀውን ሁሉ ነው የተናገርኩት። ስድስት ብቻ ነበር።»

ኤኖ ማላመጡን አቆመ። አንድ ነገር ፊቱ ላይ መጣና ሄደ፤ ከዚያ ሳቀ። «ታዲያ ድሮም አልዋሸህም ማለት ነዋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሥሩንም አውቃለሁ እያልክ ስትኮራብን፣ ለካ በቃ ደደብ ነህ።»

«እውነቴን ነው የምልህ።»

«እኔም እውነቴን ነው።» የሙዙን ልጣጭ ወደ ቅርጫቱ ወረወረና ሳተው፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው። «ስማኝ ወንድሜ፣ ደክሞሃል። ሁላችንም ደክሞናል። እኔ ራሴ ትናንት የእናቴን ስልክ ቁጥር ተሳስቼ አንዱን ሰውዬ ‹እማዬ› ብዬዋለሁ። ቅዳሜ አንተ ከሌለህ ተቀያሪውን ዴንማርካዊ ነው ከጎኔ የሚያቆሙብኝ። እሱ ደግሞ ኳስ ከላይ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። እባክህ።»

ኤኖ ያላነሳው፣ ሁለቱም ግን የሚያውቁት ሌላ ነገር ነበር። የሄኒንግ ውል ሰኔ ላይ ያልቃል። ውሉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፤ በዓመቱ ሃያ አምስት ጨዋታ ከተሰለፈ ለአንድ ዓመት በራሱ ይራዘማል። ሃያ አራት ተሰልፏል። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላውን ተከላካይ፣ ያውም ከሁለተኛው ሊግ ግርጌ ላይ ከተንጠለጠለ ክለብ፣ ማንም ፈልጎ አይመጣም። ቅዳሜ ከተሰለፈ አንድ ዓመት አለው። ዶክተሯ ዘንድ ተመልሶ እውነቱን ከተናገረ ግን ሀምቡርግ ወዳለው የአንጎል ሐኪም ትልከዋለች፤ ሀምቡርግ ከተላኩት ደግሞ ተመልሶ ሜዳ የገባ ሰው አያውቅም።

እሱን ያስፈራው ግን ውሉ ብቻ አልነበረም። እስካልተናገረ ድረስ ጤነኛ ነው፤ ወረቀቱም ይህንኑ ይመሰክርለታል። ከተናገረ በኋላ ግን ምስክር የለውም።

ቤቱ ከባሕሩ ግድብ ሥር ነው። ሚስቱ ዊብከ ወደቡ ላይ የመርከቦችን መግቢያና መውጫ ሰዓት ትመዘግባለች፤ ሥራዋ የማይገጥሙ ሰዓቶችን መያዝ ስለሆነ ቤትም ውስጥ የሚያመልጣት የለም። ያን ቀን ከሰዓት ሻይ አፍልታ፣ እንደ ጠጠር የጠነከረው ስኳር በትኩሱ ሻይ ሲኒው ሥር ሲሰነጠቅ እየተሰማ፣ «ምን አለችህ?» አለችው።

«ደህና ነህ አለች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እኔ ምን እላለሁ? ሐኪሟ እሷ ናት።»

ዊብከ ወተቱን ጠብ አድርጋ አላማሰለችውም። ቴያ፣ የሰባት ዓመቷ ልጃቸው፣ የሥዕል ካርዶቿን ምንጣፉ ላይ በግንባራቸው ደፍታ ደረደረችና አባቷን እጁን ይዛ ጎተተችው። ሁለት ካርድ ይገለበጣል፤ ሥዕሎቹ ከተመሳሰሉ ይወሰዳሉ፣ ካልተመሳሰሉ ተመልሰው ይደፋሉ። ቴያ ዓሣዎቹን ወሰደች፣ ጃንጥላዎቹን ወሰደች። ሄኒንግ ዳክዬ ገለበጠ። ሌላዋን ዳክዬ አይቷታል፤ ማየቱን ያውቃል። እጁ ካርዶቹ ላይ አንዣበበ። የቱም ካርድ ከየቱም አይለይም።

«አባዬ፣ እቺ ጋ እኮ ናት» አለች ቴያ በጣቷ እየጠቆመች። «አሁን ራስህ ነህ የገለበጥካት።»

«ልክ ነሽ።»

ሌላ ዙር ተጫወቱ፤ አንድም አላገኘም። ቴያ ካርዶቹን ሰበሰበችና ፊቷን አኮሳተረች። «ሆን ብለህ ነው የምትሸነፈው። እንደዚህ ሲሆን አልወድም።»

«አዎ» አለ። «ሆን ብዬ ነው።»

ዊብከ ከጠረጴዛው ቀና ብላ አየችው። ልጅቷ ወደ ክፍሏ እስክትሄድ ጠበቀች። «ሆን ብለህ? አንተ? ባለፈው የገና በዓል በዚሁ ጨዋታ አሸንፈህ አስለቅሰሃት የለም እንዴ?»

«ታሸንፍ ብዬ ነው። ልጅ አይደለች?»

«ስታሸንፋትም ልጅ ነበረች።»

ተነስቶ ሲኒዎቹን አጠበ።

ሐሙስ ጠዋት መኪናውን አቁሞ፣ ቦርሳውን አውርዶ፣ በሩ ድረስ ከሄደ በኋላ ነው የአበባ ማሰሮዎቹን ያየው። በመቶ የሚቆጠሩ የሸክላ ማሰሮዎች እርስ በርስ ተደራርበዋል። ከኋላቸው የዛፍ ችግኝ፣ የአትክልት መቀስ፣ የፕላስቲክ ወንበር። ለጥቂት ጊዜ ሌላው ዓለም እንደተሳሳተ ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። ክለቡ ከዚህ ቦታ ለቆ ወደ አዲሱ የልምምድ ሜዳ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። ሜዳው ተሽጦ የአትክልት ዕቃ መሸጫ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። መክፈቻው ቀን ሪባኑን የቆረጠው እሱ ራሱ ነበር።

አረንጓዴ ሽርጥ ያደረገ ሰው ጋሪ እየገፋ መጣ። «ሞይን፣ ብሮኪ» አለ በአገሩ ሰላምታ። «ምን ልስጥህ? አፈር ነው ማዳበሪያ?»

«አፈር» አለ ሄኒንግ።

አርባ ሊትር አፈር በከረጢት ገዝቶ መኪናው ላይ ጫነ። መንገድ የጠፋበት ሰው መስሎ ከመታየት አፈር መግዛት ቀለለው። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ወደ አዲሱ ሜዳ የሚወስደውን መንገድ በሐሳቡ ሦስት ጊዜ ከተጓዘው በኋላ ነው ሞተሩን ያስነሳው። ልምምዱ ላይ አሰልጣኝ ቤኔከ ኳስ በአየር እንዲሻማ አላዘዘም፤ ያን ቀን ያተረፈው ይህ ነው።

አርብ ጠዋት ዊብከ መኪናውን ፈልጋ የኋላውን ስትከፍት ከረጢቱን አገኘችው።

«ይህ አፈር ምንድነው?»

«ለአትክልቱ።»

«የትኛው አትክልት? መስከረም ላይ እኮ ሣሩን አስነቅለህ ጠቅላላውን ጠጠር አስደፋኸው። ሣር ማጨድ ሰለቸኝ ብለህ።»

ሄኒንግ ጠጠሩን አየ። ከበሩ እስከ አጥሩ ድረስ ግራጫ ጠጠር ነው። ሠራተኞቹ ሲደፉት ቆሞ ያያቸው እሱ ነው፤ ይህን አልረሳም። ትናንት «አፈር» ሲል ግን ጠጠሩ ሐሳቡ ውስጥ አልነበረም።

ዊብከ የመኪናውን በር ቀስ ብላ ዘጋችው። ስትቆጣ በኃይል ነው የምትዘጋው፤ እንዲህ ስትዘጋ አይቷት አያውቅም። «ለዶክተሯ ዛሬ አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልደውል?»

«እነግራታለሁ።»

«ዛሬ።»

«ዛሬ አልኩሽ እኮ።»

እውነትም ሄደ። ከልምምድ በኋላ ከዶክተሯ በር ፊት ቆመ። ውስጥ በስልክ ስለ አንድ ሰው ጉልበት ታወራለች። እጁን ለማንኳኳት አነሳ። ምን እንደሚል አዘጋጅቶ ነበር፤ «የሐምሌው ውጤት ትክክል አይደለም።» አጭር ነው። ይህን ካለ በኋላ ግን እሷ ትጠይቀዋለች፣ እሱም ይመልሳል፣ ሲመልስም የጎደለው ሁሉ አንድ በአንድ በስም ይጠራል። ዳክዬዋ፣ ማሰሮዎቹ፣ ሌሎችም እሱ ራሱ ያላወቃቸው። ውስጥ ስልኩ ተዘጋ፤ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ሄኒንግ ሌባ እንደሚራመድ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ከኮሪደሩ ወጣ።

ቡድኑ ከጨዋታ በፊት በሚያድርበት ሆቴል ሆኖ ለዊብከ ደወለ።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ድካም ነው አለች። ተጫወት አለች።»

«ሁሉንም ነገርካት? አፈሩንም?»

«አፈሩንም።»

«እሺ» አለች ዊብከ። አምናው ይሁን ፈርታ አልለየውም።

ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ። የባሕሩ ነፋስ ስታዲየሙን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይጠርገዋል፤ በዚህ ከተማ ኳስ እየተጫወተ ያደገ ሰው ነፋሱን ጆሮው ውስጥ ይዞ ነው የሚጫወተው፤ ከፍ ያለ ኳስ የት እንደሚወድቅ ሳያይ ያውቃል። ሄኒንግ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ደህና ነበር። እግሮቹ ያውቃሉ። «ወደ ግራ፣ ኤኖ፣ ወደ ግራ» እያለ ይጮሃል፣ ኤኖም ወደ ግራ ይሄዳል።

ከዚያ የተጋጣሚው በረኛ ኳሱን በረጅሙ ለጋው። ነፋሱ ይዞት መጣ፤ ማንም ሊወስድበት የማይችለው የእሱ ኳስ ነበር። ዘለለና በቴስታ መታው። ንጹሕ ምት ነው፤ ኳሱ እስከ መሀል ሜዳ ሄደ፣ ከደጋፊው ጭብጨባ ተሰማ። እሱ ግን ጭብጨባውን የሰማው ከውኃ ሥር ሆኖ ነው። ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ፤ ነጩ ቀስ ብሎ ሲሄድ ሜዳው ቦታው ላይ ነበር፣ ሰዎቹም ይሮጣሉ፣ እሱም ከእነሱ ጋር ይሮጣል።

በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አሰልጣኝ ቤኔከ ሲጮህ አየ። ይህን ያህል ምን እንዳስቆጣው አልገባውም። ባዶ ለባዶ መጥፎ ውጤት አይደለም። ውኃ ጠጣ፤ ውኃው ብረት ብረት አለው። ዶክተሯ በሩ አጠገብ ቆማ ታየዋለች። የታኬታውን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ አለ፤ ታስሮ ነበር። ፈትቶ አሰረው።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ተጋጣሚው የማዕዘን ምት አገኘ። የሄኒንግ ቦታ ከፊተኛው ቋሚ ፊት ለፊት ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያ ቦታ የእሱ ነው። ኳሱ ተመታ። ነፋሱ ያዘው፣ አጠፈው፣ ወደ እሱ አወረደው። ትልቅ እየሆነ፣ እየተሽከረከረ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ግንባሩ ሲመጣ ሰውነቱ ሳያስፈቅደው ወሰነ። ሄኒንግ ብሮክማን ጭንቅላቱን ደፍቶ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ሄደ።

ኤኖ ከኋላው ነበር። ሄኒንግ እንደሚያወጣው ስለሚያውቅ አልተዘጋጀም፤ ኳሱ በባዶ ቦታ ሲመጣበት ግን ተወርውሮ ደረሰበት። ከአንድ አጥቂ ጋር ተጋጩ፤ የአጥንት ድምፅ ነበር። ኳሱ በመስመሩ በኩል ወጣ። ኤኖ በጀርባው ተዘርሮ ሰማዩን እያየ ነው።

ዳኛው አፏጨ፤ ዶክተር ኦልትማንስ ቦርሳዋን ይዛ ሮጠች። ሄኒንግ ከኤኖ ራስጌ ቆሞ ነበር።

ዶክተሯ ተንበርክካ የኤኖን አንገት ያዘች። «አትነሳ። እኔን እየኝ። አሁን የት ስታዲየም ነው ያለነው?»

«ቤታችን» አለ ኤኖ። «ነፋሱ አይሰማዎትም እንዴ?»

ቤታችን፣ አለ ሄኒንግ በልቡ። ሳያስበው ነው አብሮ መመለስ የጀመረው።

«ስንተኛው አጋማሽ ነው?»

«ሁለተኛው። እስካሁን አለማለቁ ነው የሚገርመኝ።»

ሁለተኛው።

«መጨረሻ ላይ ያገባው ማነው?»

ማንም፣ አለ ሄኒንግ። ባዶ ለባዶ ነን።

«እነሱ» አለ ኤኖ። «በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ። በዚህ በሽማግሌው በኩል፣ እሱ ቆሞ ሲያይ።» ከመሬቱ ላይ ሆኖ ሄኒንግን በአገጩ ጠቆመው፤ ሊስቅ ሞከረና ጎኑን ያዘ።

ሄኒንግ ከጣሪያው በላይ ወዳለው የውጤት ሰሌዳ ቀና አለ። ባዶ ለአንድ። ቁጥሩ በቢጫ መብራት ተጽፏል፤ ከአርባ ደቂቃ በላይ እዚያ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወታችሁ?»

ይህንን አውቃለሁ፣ አለ። ዝናብ ነበር። አውቶቡስ ነበር፤ ሲመለሱ መስኮቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቀዝቃዛው መስታወት ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ በፊት ግን፣ ዝናቡ የወረደበት ከተማ፣ የተጋጣሚው ማልያ…

«ሮትቫልደ» አለ ኤኖ። «ሦስት ለባዶ። እሱን የሚረሳ ሰው ካለ ይባረክ።»

ሮትቫልደ። ሄኒንግ ስሙን ሰማው፤ ስሙ ምንም አላመጣም። በባቡር ሲያልፉ ሰሌዳው ላይ እንደሚያነቡት የማያውቁት መንደር ስም ነበር።

«ደህና ነህ፣ ጎንህ ብቻ ነው» አለች ዶክተሯ ኤኖን። «ቀስ ብለህ ተነስ።»

«ዶክተር» አለ ሄኒንግ።

«ቆይ አንዴ።»

«ዶክተር፣ ከማን ጋር ተጫወትን ነው ያለው?»

ቀና አላለችም። «ብሮክማን፣ ቀልዱ ይቆየን።»

«አልቀለድኩም። ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ነው የተጫወትነው? አሁን ነገረዎት። ደግሞ ጠፋኝ።»

ዶክተሯ ተነሳች። ኤኖም በክርኑ ተደግፎ ቀና ብሎ አየው፤ ፊቱ ላይ ማክሰኞ ኮሪደሩ ላይ መጥቶ የሄደው ነገር ተመልሶ ነበር፣ አሁን ግን አልሄደም።

«ስንት ለስንት ነን?» አለች።

ሄኒንግ ወደ ሰሌዳው ዓይኑን አነሳ። አገጩን ይዛ ወደ ራሷ መለሰችው። «ሰሌዳውን ሳይሆን እኔን እያየህ።»

አሁን አይቶት ነበር። አሁን። ዓይኖቿ ግራጫ ናቸው፤ ነፋሱ ፀጉሯን ግንባሯ ላይ ይበትነዋል።

«አላውቅም» አለ።

ዶክተሯ ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ አንስታ እያሽከረከረች ወደ ተቀያሪ ወንበሩ አሳየች። ሄኒንግ ወደ መስመሩ መራመድ ሲጀምር ከደጋፊው ፉጨት ተነሳ። ከጥግ ጀምሮ ዙሪያውን ሞላው። ከኳሱ ሲሸሽ ሁሉም አይቷል፤ አሁን ደግሞ ከሜዳው ሲሸሽ ያያሉ። አሰልጣኝ ቤኔከ መንገዱ ላይ ቆሞ፣ «ምን ሆንኩ ነው የሚለው? ማን ነካው?» አለ። ዶክተሯ ሳትቆም፣ «ከእኔ ጋር ነው፣ ዞር በል» አለችው። ዴንማርካዊው እየዘለለ ገባ።

የሕክምና ክፍሉ ከተመልካቹ መቀመጫዎች ሥር ነው። አልጋው ላይ አስቀመጠችውና ዓይኖቹን በትንሽ መብራት አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ማክሰኞ ስድስት ነበርክ። ሐምሌም ስድስት ነበርክ። ወረቀትህ ላይ ምንም የለም። ንገረኝ።»

«የሐምሌው ውሸት ነው።»

«እንዴት ውሸት?»

«አሥሩንም አውቃለሁ። አራቱን አልናገርም። ማክሰኞ ግን አልደበቅኩም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«እኔ ደግሞ ስድስት ላይ የምትቆመው ተከላካይ ስለሆንክ መስሎኝ ነበር» አለች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«አሁን ሀምቡርግ ይልኩኛል?»

«ዛሬውኑ። ግን አንድ ነገር ልንገርህና ተረዳኝ።» ክርኖቿን ጉልበቶቿ ላይ አሳረፈች። «የተመታ ሰው ሲመጣልኝ፣ ከነበረው ላይ የቀረውን ቀንሼ የጎደለውን አውቃለሁ። ያንተ የነበረው የለኝም። ሀምቡርግም የላቸውም። ከጤነኛው ጭንቅላትህ የተወሰደ አንድም ቁጥር የትም ቦታ የለም። ምን ያህል እንደጠፋ፣ ሮትቫልደ ላይ ይጥፋ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ይጥፋ፣ የሚነግረን የለም።»

«እኔ እነግርዎታለሁ። አሥር ነበርኩ።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

«ባለፈው ሐምሌ?» አለች። «ባለፈው ሐምሌ አራቱን ስትደብቅ፣ አራቱ ነበሩ?»

ሄኒንግ አዎ ሊል አፉን ከፈተ። ያን ቀን ያስታውሰዋል። ሙቀት ነበር፤ መስኮቱ ተከፍቶ ሣር ማጨጃው መኪና እያጓራ ያልፋል። ስድስቱን ተናገረ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ «ሌላ የለም» አለ። መቋጠሩን በግልጽ ያስታውሳል። ከዚያ ጀርባ ያለውን ፈለገ። አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ፣ ያን ቀን የዋጣትን። አልመጣችም። ስለረሳት ይሆናል፤ ስምንት ወር አልፎታል፣ ማንም ይረሳል። ወይም ያኔም የሚውጠው አልነበረውም፤ ግንባሩን የቋጠረው ልማድ ሆኖበት ነው።

«መሰለኝ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ዶክተሯ ተነስታ መብራቱን አጠፋችና በጀርባው አስተኛችው። ለዊብከ ትደውል እንደሆነ ጠየቀችው፤ አዎ አላት፣ የአፈሩንም ነገር ዊብከ ራሷ ትንገራት አለ፤ ዶክተሯ የቱን አፈር ብላ አልጠየቀችም። በላያቸው የብዙ ሺህ ሰው እግር ኮንክሪቱን ይደበድበዋል። ድንገት ጩኸት ሆነ፤ ክፍሉ ተንቀጠቀጠ።

«ማን አገባ?» አለ ሄኒንግ።

«ከዚህ አይታይም። ዓይንህን ጨፍን።»

ጨለማው ውስጥ ዓይኑን እንደገለጠ ቆየ። ለመጨፈን ፈራ።